አባቴ የሳቀበት ሳምንት

ባለፈው እሁድ ረፋድ ላይ ሽማግሌዎች ጭኜ ከጎንደር ትክል ድንጋይ የምትባል ከተማ ሄድኩ። ለአክስቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅለት ነው። ዋናው ተናጋሪ አባቴ፣ ሹፌሩ እኔ።

አባቴ ሐጂ እንድሪስ ጎንደር ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ ነው ያረጀው። ቁጡ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አንዴ እንኳ «ጎሽ» ብሎኝ አያውቅም። ጉበቱን ካመመው ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ሐኪም ያዘዘለት ሽሮፕ ሆድ ያስቀምጣል፤ ቀኑን ሙሉ መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ይውልና ንዴቱን በእኛ ይወጣል።

ያን ሳምንት ግን ሌላ ሰው ሆነ። ያለ ምክንያት ይስቃል። እናቴን «የኔ ቆንጆ» ሲላት በድንጋጤ ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። እኔን ደግሞ ትከሻዬን ይዞ «አንተኮ ሸጋ ልጅ ነህ» አለኝ። አልዋሻችሁም፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያንቀላፋል፣ የደንበኞቹን ስም ይረሳል... አይተናል። እርጅና ነው፣ ደግሞም አለሰለሰው ብለን ተደሰትን።

የልጅቷ ቤት ደርሰን ተቀመጥን። አባቴ ለመናገር እጁን ዘረጋ። መዳፉ በራሱ ጊዜ ዝቅ ይልና መልሶ ቀና ይላል... ዶሮ እንደሚያባርር ሰው። የልጅቷን አባት አየውና በደግነት ፈገግ አለ።

«ለቅሶ ልንደርስ ነው የመጣነው» አለ። «ልጅቷ መቼ ነው የሞተችው?»

ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሰማለች። እናቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ምነው አያ እንድሪስ? ምን ነካዎ?» አለ አጎቷ። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ «ይሄ ሟርት ነው» ብሎ አጉረመረመ።

ብድግ ብዬ ክንዱን ያዝኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በፍጹም ትሕትና «እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» አለኝ። እኔ አባቴን እንዲያ ፈርቼው አላውቅም።

ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባሁት፤ ጎንደር እስክንደርስ ተኛ። ብጠራው፣ ብነቀንቀው አልነቃ አለ። ሆስፒታል ስንደርስ የሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሰገራ ከወጣ ስንት ቀኑ ነው?» የሚል ነበር።

«ኧረ ዶክተር፣ የተነካውኮ ጭንቅላቱ ነው» አልኳት።

«እኔም የምጠይቅህ ስለ ጭንቅላቱ ነው» አለችኝ። አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ምግቡን ሲያብላሉ መርዝ ያመነጫሉ አለች። ደህና ጉበት ያጣራዋል። የደከመ ጉበት ግን ያሳልፈዋል፣ መርዙም በደም አድርጎ አንጎል ይገባል። ያ የምንጠላው ሽሮፕ ሥራው መርዙን ጠርጎ ማውጣት ነበር።

እናቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ የሽሮፑን ጠርሙስ ሳምንቱን ሙሉ አልነካውም። «ሽማግሌ ሆኖ ነገር ይዞ ተቀምጦ፣ በየመሀሉ እየተነሳ መጸዳጃ ቤት ሲሮጥ ማን ልጁን ይሰጣል? ብሎ ተወው» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎን ሰነበትን፣ ልጄ» አለች።

ሽሮፑን ከታች በቱቦ ሰጡት። በማግስቱ ዓይኑን ገለጠና አፈጠጠብኝ። «ምን ይገትርሃል? ሱቁን ማን ከፈተው?» አልሐምዱሊላህ አልኩ። ግን አልዋሽም፣ ያኛው ሰውዬ ናፈቀኝ። አባቴ ይሁን ሆዱ፣ ማን «ሸጋ ልጅ ነህ» እንዳለኝ እስካሁን አላውቅም።

የልጅቷ ቤተሰቦች ስልክ አያነሱም።

ትናንት ከሰዓት ሱቅ ስገባ አባቴ ሞቅ ባለ ፈገግታ «መጣህ የኔ ጌታ?» አለኝ... ሰላም እንኳ ሳልለው ሆስፒታል ልወስደው መኪናዬን አስነሳሁ።