ሙስታንጉ ውስጥ የነበረው ውሃ

ቅዳሜ ጠዋት ከቬጋስ ወጣ ብሎ ያለ የመኪና ውድድር ትራክ ላይ ተሰልፌ ተራዬን እጠብቃለሁ... ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አስፋልቱ መጋል ጀምሯል።

ስራዬ ቫሌት ነው። ስትሪፕ በሚባለው የቬጋስ ዋና ጎዳና ላይ አንድ ካዚኖ በር ቆሜ የሰው ውድ ውድ መኪና እቀበልና እንደ እንቁላል ተጠንቅቄ ፓርክ አደርጋለሁ። የራሴ ግን ያገለገለ ሙስታንግ ነው። አቅሜ የፈቀደው እሱን ነው። ትራክ ላይ ከነዚያ ውዶቹ ጋር ይተናነቃል ሲሉ ስለምሰማ፣ አንድ ቀን ልሞክረው እያልኩ ስመኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ከመግባታችን በፊት መኪናውን ቼክ የሚያደርግ ሰው መጣ። ፍሬኑን አየ፣ ጎማውን አየ። ከዚያ በሩ ኪስ ውስጥ ያለችውን የፕላስቲክ ጠርሙስ በጣቱ አሳየኝ።

«ይሄ ይውጣ። ውስጥ የሚንከባለል ነገር አይፈቀድም።»

እናቴ ያስቀመጠችው ጸበል ነው። ከሀገር ቤት ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛው መጥታ፣ መኪናውን የገዛሁ ዕለት ኮፈኑን ረጭታ የተረፈውን እዚያ ከተተችው። «ለጭንቅ ቀን ይሁንህ» አለችኝ። «መስቀል ሳልበት፣ ሰው ውሃ መስሎት እንዳይጠጣው» ስትለኝ ግን «እማዬ ደግሞ! ማን ይነካዋል?» ብዬ ሳቅኩባት።

እናቴ ካረፈች ስድስት ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሷን ንክች አድርጌያት አላውቅም ነበር። አውጥቼ ከመኪናው ኋላ ባወረድኩት ትርፍ ጎማ ላይ፣ ተራ የምንጠብቅበት ድንኳን ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ከዚያ ገባሁ... ምን ልበላችሁ! ቀጥታው ላይ ስረግጠው ወንበሩ ጀርባዬን ገፍቶ ወሰደኝ። መጀመሪያ ኩርባ ባየሁ ቁጥር ይሄ የቫሌት እግሬ ከፍሬን ላይ አልነሳ ብሎኝ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ፍሬኑን ዘግይቼ መያዝ ለመድኩ። ስራ ቦታ ተጠንቅቄ በሁለት ጣት የምነዳውን ዓይነት መኪና ኩርባው ላይ ቀድሜው ወጣሁ! ብቻዬን ጮህኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስመለስ ጎማው ላይ ጠርሙስ የለም።

ከጎኔ አሮጌ ካማሮ መኪና ይዘው የመጡ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። ጠርሙሷ እጃቸው ላይ ናት... ባዶዋን። እግራቸው ስር የበርገር ወረቀት ወድቋል። ጸበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው ብዬ ላስረዳቸው?

«ይቅርታ ልጄ፣ አዞረኝና ውሃዬ ካለበት መኪናዬ ሳልደርስ ልወድቅ ስል አይቼው ጠጣሁት» አሉኝ። «ትንሽ ሙቅ ነው እንጂ ነፍሴን መለሰልኝ። ያንተ ነበር?»

ልቆጣ እልና የቀላውን ፊታቸውን አያለሁ። ልተወው እልና ጠርሙሷን አያለሁ።

«የእናቴ ነው» አልኳቸው።

መኪናቸው ውስጥ ካለው የበረዶ ሳጥን ቀዝቃዛ ውሃ አምጥተው ሰጡኝ።

«እናትህን አመስግንልኝ።»

«እሺ» አልኩ።

ሁለተኛው ተራ ሲጠራ አልገባሁም። ባዶዋን ጠርሙስ ተቀብዬ በሩ ኪስ መለስኳትና ቀኝ መስመሬን ይዤ፣ ቀስ እያልኩ ፓራዳይዝ የሚባል ሰፈር ወዳለው አፓርታማዬ ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ያንን መስቀል ለመሳል እኮ አንድ እስክሪብቶ ይበቃኝ ነበር።

«ለጭንቅ ቀን» ብላኝ ነበር... ቀኑ ደረሰ፤ ጸበሉ ለሰውዬው፣ ጭንቁ ለኔ።