ለደቅ ቢያንስ ሦስት መነጽር

ይህን ለባሌም ለነፍስ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ‘የነፍስ አባቴ ስለ ኦንላይን ሱቅ ምን ያውቃሉ?’ እያልሁ ራሴን ሳታልል ሁለት ዓመት አለፈ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ እርስዎ ይስሙኝ። ሳቅ ካመለጠዎትም ይሳቁ፤ እኔም ስጽፈው እየሳቅሁ ነው።

ባሕር ዳር ሆኜ የንባብ መነጽር በኦንላይን እሸጣለሁ። ሱቁን ስከፍት ድረ ገጹ ለየአካባቢው የማድረሻ ዋጋና የትዕዛዝ ትንሹን መጠን አስገቢ አለኝ። ለመራዊ ትንሽ ጻፍሁ፤ ለቆላ ድባ ከዚያ ከፍ አደረግሁ። ደቅ ደሴት ላይ ስደርስ ግን እጄ አላርፍ አለ። ሐይቅ መሻገር ነው ብዬ ከሁሉ የበለጠውን ዋጋ ጻፍሁ፤ ከሦስት ዕቃ በታችም አይታዘዝ አልሁ። ዕቃውን የሚያደርስልኝስ ማን ነበር? ጎረቤታችን ጋሽ ይርዳው፣ የጀልባው ነጂ፤ ያውም አምስት ሳንቲም ሳይቀበሉኝ። ታዲያ ማን አስገደደኝ? ማንም።

አንድ ቀን ከደቅ አንዲት አስተማሪ ደወለች። አባቷ የኔታ ጥበቡ የድጓ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ መጽሐፍ ካነበቡ ወራት አልፏል። አንድ መነጽር ብታዝዝ ሱቁ አልቀበል አላት።

“ሲስተሙ ነው እንጂ እኔ ብሆን ደስ ባለኝ” አልኋት።

“ሲስተም የለም” እያሉ የሚያመላልሱኝን ስረግም የኖርሁት ሴትዮ፣ ያን ቀን እኔው ሲስተም ሆንሁ። እሷም ‘ለጫማ ያስቀመጥሁትን ልጨምርበት’ ብላ ሦስት አዘዘች። እኔ ደግሞ እያንጎራጎርሁ ጠቀለልሁ። አዎ፣ እያንጎራጎርሁ።

በሳምንቱ የኔታ ራሳቸው ደወሉ። አንዱን ለራሳቸው አስቀርተው፣ ሁለቱን እንደሳቸው ዓይናቸው ለደከመ ባልንጀሮቻቸው ሰጥተዋል። መረቁኝ፣ መረቁኝና፦

“ልጄ፣ ሦስት ካልሆነ ያለው ማን ነው?” አሉኝ።

“ሲስተሙ ነው፣ የኔታ።”

“ደንብማ ያለ ደንጋጊ አይኖርም። በይ የክርስትና ስሙን ንገሪኝና በጸሎት ላስበው።”

ምን ልበል? የሌላ ሰው ስም ልስጥ? “ወለተ ማርያም” አልሁ፤ የራሴን። የኔታም “በጸሎት አስባታለሁ” ብለው ስልኩን ዘጉ።

ያንኑ ዕለት ደንቡን ሰረዝሁ። አሁን ለደቅ አንድም ይታዘዛል፤ ማድረሻውም በነጻ ነው። እውነቱን ግን ለማንም አልተናገርሁም። በእኔ ስስት ሦስት ሽማግሌዎች ማንበብ ጀመሩ ብዬ ልጽናና? አይሆንም። በጎውን ያደረጉት የኔታ ናቸው፤ እኔ የላክሁት ስስቴን ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጃቸው የመነጽር ማኅደር ልታዝዝ ደወለችና በጨዋታ መሐል እንዲህ አለችኝ፦ “አባየ ያኔ ከእርስዎ ጋር በስልክ ካወሩ ጀምሮ እስካሁን ‘ወለተ ማርያምን ይቅር በላት’ ይላሉ። ምን አጥፍታ ነው?”

ለካ የኔታ ገና ያኔ አውቀውኛል። እኔ ስደበቅ፣ እሳቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ምሕረት ሲለምኑልኝ ኖረዋል።

ልጅቱን ግን የጫማዋን ቁጥር ጠየቅኋት። እሑድ ከጋሽ ይርዳው ጋር እሻገራለሁ፤ ጫማውን ይዤ፣ ወለተ ማርያም እኔ ነኝ ልላቸው።