አራተኛው እሑድ

ልጅ ሳለሁ በጉለሌ ሽማግሌ በመጣበት ቀን ልጁን እሺ ብሎ የሚሰጥ አባት አላውቅም። "ቤተ ዘመድ እናማክር፣ በአሥራ አምስት ቀን ብቅ በሉ" ይባላል። ሽማግሌዎቹም ይህን እያወቁ ነው የሚመጡት፤ ማንም አይቀየምም። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠች ልጅ ግን ቀለለች ተብላ ስትታማ ትኖራለች። አባቴም በሃያ ሁለት ዓመቴ ልሞትለት ከደረስኩት ልጅ የተላኩትን ሽማግሌዎች እንደ ወጉ መለሷቸው።

በአሥራ አምስት ቀኑ ማንም አልመጣም። በወሩ፣ በቀበሌው ሱቅ ለስኳር ተሰልፌ፣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያ ልጅ ቀጨኔ ካለች ልጅ ጋር ሠርጉ መቆረጡን ሲያወሩ ሰማሁ። ሰልፉን ጥዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ አባቴ ጋዜጣ ያነባሉ።

"ደስ ይበልዎ አባባ፣ አልቀለልኩም" አልኳቸው።

እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች በመካከላችን ገብቶ የሚያስታርቅ አልነበረም። ብዙ ወራት ምግብ ከማቅረብ በቀር ቃል አልወጣኝም። ልጁ በአንድ ሳምንት ሁለት ቤት ሽማግሌ ልኮ እንደነበር፣ ቶሎ እሺ ያለውን እንደወሰደ የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ እንኳ አባቴን ይቅርታ አልጠየቅኩም። ከዚያ ነገር ይዤ የቀረሁት አንድ መለኪያ ብቻ ነበር፤ የሚወድ ሰው ይመለሳል፣ ስንቴ ቢያባርሩትም ይመለሳል።

ከአራት ዓመት በኋላ ታይፒስት ሆኜ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና የሚጠግን ሰው ይመላለስ ጀመር። ጣቶቹ በሪባን ቀለም የጠቆሩ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ የተበላሸ ፊደል እስኪስተካከል ድረስ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነው። የኔን መኪና ከሚገባው በላይ እንደሚጠግን ገባኝ። ወደድኩት፤ ወድጄም አላመንኩትም።

ከሥራ በኋላ አዲሱ ገበያ አውቶቡስ ማቆሚያው ዘንድ እንቀጣጠራለን። እኔ ቀድሜ እደርስና ሴቶቹ ከእንጦጦ ተሸክመው ካወረዱት የማገዶ ክምር ጀርባ ቆሜ አየዋለሁ። ይመጣል። ይቆማል። ሰዓቱን አንዴ ያያል፣ ለሚያልፍ ሰው ገለል ይላል፣ ተመልሶ እዚያው ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ይሆናል። ሲበቃኝ በሌላ በኩል ዞሬ እመጣና ስብሰባ አቆየኝ እለዋለሁ። በዚያ ዘመን ስብሰባ የማይሸፍነው ውሸት አልነበረም። "አይዞሽ" ይለኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ እገባለሁ። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ሽማግሌ ሲልክ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የቀበሌ ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ባለችው ሰዓት ሦስት አዛውንት በራችን ላይ ቆሙ። ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አባቴ ወደ ጓዳ መጥተው እሺ ልበላቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያ ኩሩ ሰውዬ የሰፈሩን ሐሜት ረስተው በመጀመሪያው ቀን ሊሰጡኝ ተዘጋጅተው ነበር። ወጉ ይጠበቅ አልኩ፤ ሽማግሌዎቹም ተመለሱ።

በአሥራ አምስት ቀናቸው መጡ። አሁንም ይመለሱ አልኩ። ይህ በማንም ቤት የሚደረግ ነው። ሦስተኛው እሑድ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉልበቱን እያሻሸ ሲገባ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት፤ አባቴም ጓዳ ገብተው በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉት።

"ልጄ፣ ይሄ ሦስተኛ ነው። ሰውየውን ትፈልጊዋለሽ?"

"እፈልገዋለሁ።"

"እንግዲያው ምን ልበላቸው?"

"ከፈለገኝ አንዴ ይመለስ።"

"የፊተኛው ጥፋት የኔ ነበር። የዛሬው ግን ያንቺ ነው" አሉና ወጥተው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው።

ለአራተኛው እሑድ ፀጉሬን ታጠብኩ፣ ከጎረቤት ወንበር ተዋስኩ፣ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ። እሺ የምልበት ቀን ነበር። በር ሲንኳኳ ዘልዬ ወጣሁ፤ ወደ ስብሰባ የሚጠራው የቀበሌ ሰው ነው። ወንበሮቹ ባዶ እንደሆኑ ትተናቸው ሄድን። አዳራሹ ውስጥ ስለ ምን እንደተወራ አላስታውስም፤ አባቴ ከፊቴ ተቀምጠው አንዴም ዞር አለማለታቸውን ግን አስታውሳለሁ።

በሳምንቱ የቢሮአችንን መኪና ሊጠግን ሌላ ሰው መጣ። ከምሳ በፊት ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ፣ አባቴ እግር ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ነቀፋ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ከዘራቸውን አንስተው ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። የሴት ልጅ አባት ሆኖ ልጄን ውሰዱልኝ ለማለት ሽማግሌው ቤት ድረስ የሄደ ሰው እስከዛሬ አልሰማሁም። ሰፈሩ ልጅቷ ምን ብትሆን ነው እያለ ወራት አወራ። አባቴ ያን ሁሉ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ሲመለሱ ሰውየው ለሽማግሌው ያለውን ብቻ ነገሩኝ፤ ሦስቴ እምቢ ያለችን ሴት አራተኛ መጠየቅ ማስቸገር ነው ብሏል።

ተጋባን። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ አይጠይቅም። ምግብ ጨምር ስለው በቃኝ ካለ በቃው ነው፤ እኔም በቃኝ ካልኩ ሳህኑን ያነሳል። አስተዳደጋችን እምቢ ብሎ እስኪለምኑን መጠበቅ ነው፤ እኔ እምቢ እላለሁ፣ የሚለምነኝ የለም። ለእንጦጦ ማርያም ንግሥ ብቻውን ወጥቶ ተመልሷል፣ እንጃ ስላልኩት። ስንት ጊዜ በልቤ ረገምኩት። ማን እንዲህ እንዳደረገው ግን አሳምሬ አውቅ ነበር።

በተጋባን በስምንተኛው ዓመት አባቴ ታመው ሆስፒታል ተኙ። ጠዋት ልወጣ ስል አብሬሽ ልሂድ ወይ አለኝ። "አይ፣ ምን አደከመህ" አልኩት። እንዲለምነኝ በሩ ላይ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ዘገየሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሄድኩ።

አባቴ ባልሽስ አሉ። እንዳይመጣ ብዬው ነው አልኩ።

"ስንቴ ጠየቀሽ?"

"አንዴ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ነበር፤ ትንሽ ቆይተው ግን እጄን ያዙኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ቤት ስገባ ባሌ ጠዋት ትቼው በሄድኩበት ወንበር ላይ ነው። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፣ ጫማውን አላወለቀም፣ ያቀረብኩለት ቁርስ አልተነካም። ለምን እንዲህ ተቀመጥክ አልኩት።

"ምናልባት ከበር ተመልሰሽ ትጠሪኝ ይሆናል ብዬ" አለኝ።

ከማገዶው ጀርባ ሆኜ ያየሁት ያ ሰው ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ እኔም ዛሬም ተደብቄአለሁ። አጠገቡ ተቀምጬ የማቆሚያውን ነገር፣ ስብሰባ የሚባለውን ውሸት፣ የቀጨኔውን ሠርግ፣ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ጫማውን ግን አላወለቀም።

በማግስቱ ጠዋት እሱ አልጠየቀኝም። ነጠላዬን ስለብስ ያየኛል። "ተነስ፣ ያለ አንተ አልሄድም" አልኩት። ክፍሉ ስንገባ አባቴ ሁለታችንንም አዩን፤ ከዚያ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ለሱ ቦታ ለቀቁለት።