ባንጆ መኪና ውስጥ ያስቀረሁበት ለቅሶ

ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ እንደኔ ባንጆ የሚመታ አበሻ የለም። ይህን ስል ሰው ይስቃል፣ ባንጆ የሚመታ ሌላ አበሻ ስለሌለ። ይሁና፣ አንደኛ አንደኛ ነው። ይህን ከበሮ ላይ ክር የተወጠረበት የሚመስል የፈረንጅ ክራር ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ፓውን ሾፕ፣ ከመያዣ ሱቅ፣ ገዝቼ፣ ኤርፖርት ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ ወረፋ ስጠብቅ ነው ብቻዬን የተማርኩት። ሌሎቹ ሾፌሮች ካርታ ሲጫወቱ እኔ ክሩን ስነካካ፣ "ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጀመረው!" ይሉኝ ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ያኔ ይሄ ሩትስ የሚሉት የድሮ የገጠር ሙዚቃቸው ዴንቨር ላይ ደርቶ ነበር። በየመጠጥ ቤቱ ጺማቸውን ያንዠረገጉ ልጆች ማንዶሊን ይዘው ይወጣሉ። እኔን ግን ወደዚህ ዓለም ያስገቡኝ አንድ የፓርክ ሂል ሰፈር ሽማግሌ ናቸው። ፊድል ይጫወታሉ። ፊድል ያው ቫዮሊን ነው፣ የገጠር ዜማ ሲሆን ስሙን ይቀይሩለታል። አንድ ቀን ታክሲዬ ውስጥ ገብተው ባንጆዬን ሲያዩ፣ የት እንደሚሄዱ ሳይነግሩኝ ረቡዕ ቤታቸው እንድመጣ ቀጠሩኝ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ሳሎናቸው ውስጥ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። አንዱ ዜማ ያነሳል፣ ሌላው ያጅባል። ሽማግሌው ሲያነሱ እንደ ደነበረ ፈረስ ነው የሚሮጡት። ልጓም የሚይዙላቸው ባለቤታቸው ነበሩ። ጊታራቸውን ይዘው አጠገባቸው ይቀመጡና፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ረጋ አድርገው እየመቱ ይመልሷቸዋል።

ባለቤታቸው ታመው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብሩ ላይ ሽማግሌው፣ "እኔ ከእንግዲህ አልጫወትም" አሉን። ፊድሉን አልጋ ሥር ከተቱት። ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፣ ከባለቤታቸው ሌላ የነበረቻቸው ረቡዕ ብቻ ናት። እሷም ከቀረች ሰውየው ብዙ እንደማይቆዩ ሁላችንም ገብቶናል።

ከረቡዕ ጓደኞቻችን አንዱ፣ ባስ የሚሉትን ባለ ወፍራም ድምፅ መሣሪያ የሚመታው ግዙፉ ሰውዬ ጋ ደወልኩ።

"ለብቻቸው እንተዋቸው፣ ጊዜ እንስጣቸው" አለኝ።

"ሐዘንተኛ ለብቻው ይተዋል እንዴ?"

"የሐዘን ካርድ ልከናል እኮ።"

"ካርዱ አብሯቸው ይቀመጣል?"

"እሺ፣ ሄደን ምን እናደርጋለን?"

"እንቀመጣለን።"

"ከዚያስ?"

"እንቀመጣለና!"

ረቡዕ ዕለት ባንጆዬን አንግቼ ስወጣ ሚስቴ በር ላይ ቆመች። በእጇ ለለቅሶው ያዘጋጀችውን የምስር ወጥ ይዛለች።

"አንተ፣ ለቅሶ ቤት ዘፈን ይዘህ ልትገባ ነው? ሰው ምን ይለናል?"

"የትኛው ሰው? ፈረንጆች እኮ ናቸው።"

"ፈረንጅ አያዝንም?"

ወጡን ተቀብዬ፣ ባንጆውን ከመኪናዬ ኋላ፣ ትራንክ ውስጥ ቆለፍኩበት። እዚያም ስደርስ ሌሎቹን ደጅ ላይ ጠብቄ፣ መሣሪያቸውን ሁሉ መኪና ውስጥ አስቀረሁ። "ባህል ነው" አልኳቸው። አሜሪካኖች ባህል ነው ካልካቸው ጫማቸውንም ያወልቃሉ።

ገብተን ተቀመጥን። እኔ አንገቴን ደፋሁ፣ እነሱም አይተውኝ ደፉ። ሽማግሌው የእያንዳንዳችንን እጅ ተራ በተራ አዩ።

"ምን አድርጌያችሁ ነው?" አሉ በመጨረሻ። "ረቡዕ ነው። ባዶ እጃችሁን መጣችሁብኝ።"

ባስ መቺው ምንም ሳያፍር በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። "እሱ ነው!"

ጉድ ፈላ። "እኛ አገር ለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይነካም" አልኳቸው። "ሬዲዮ እንኳን ይዘጋል። ለባለቤትዎ ክብር ብዬ ነው።"

አልተቆጡም። "ደግ ነገር ነው" አሉ። "እሷ ግን ይሄን ቤት እንዲህ ዝም ብሎ አይታው አታውቅም። አምጡና ተጫወቱላት። እኔ እሰማለሁ።"

አመጣን። የእሳቸውን ዜማ አነሳን። ጊታሩ የነበረበት ቦታ ግን ክፍት ነው፣ ሁላችንም እዚያ ክፍተት ውስጥ እንወድቃለን። ባስ መቺው ይጎትታል፣ እኔ አንደኛው ባንጆ መቺ ደግሞ እሮጣለሁ።

"አቁሙ!" አሉ። "እንዲህ እንድታበላሹት አይደለም የሞተችው!"

ተነስተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። አልጋ ሥር ሲንበረከኩ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማናል። ፊድሉን ይዘው ተመለሱና ቆመው ጀመሩ። እንደ ልማዳቸው ሮጡ። የሚይዛቸው የለም። መሀል ላይ ዜማው አመለጣቸውና ቀስቱ ቆመ። ወደ ጎናቸው፣ ወደ ባዶው ወንበር ዞሩ። ማናችንም ቀና ብለን ልናያቸው አልደፈርንም።

ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አሁን ቀስ ብለው ነው። በእሳቸው ሳይሆን በባለቤታቸው ርምጃ። ይሄኔ እንባቸው መጣ፣ ወርዶ ፊድሉ ላይ ያርፋል። ባስ መቺው ደንግጦ እጁን ከክሩ አነሳ። ሌሎቹም ሊያቆሙ ነው።

ሐዘንተኛ ሲያለቅስ እንደማይቋረጥ ግን እኔ አውቃለሁ። ዓይኔን አፍጥጬ፣ "ምታ!" አልኩት። መታ። ሁላችንም መታን፣ ከሥር ከሥር፣ ድምፃችን እንዳይበልጣቸው አድርገን። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንጆዬ እንዳይሰማ አድርጌ መታሁ። እሳቸው እያለቀሱ ዜማውን ደግመው ደጋግመው ዞሩት፣ ማንም ተራ አልጠየቀም።

ሲጨርሱ አላጨበጨብንም። ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፣ አፍንጫቸውን ተናፈጡ፣ ወንበራቸውን ጎትተው ክቡ ውስጥ ተቀመጡ።

"እሺ" አሉ። "ቀጥሎ የሚያነሳው ማነው?"