በታጠበ እጅ የታየ ቤት

መምህርት ሐመልማል የድሮውን የገዢ ቤት ለማየት የሄደችው በሚካኤል ዕለት ነበር። ቤቱ ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ተያይዞ የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ቅዳሜ የታሪክ ተማሪዎቿ ሊጎበኙት ተቀጥሯል። ርዕሰ መምህሩ፣ «የሚያይ ሰው ያስጎብኛቸው፤ አንቺ አትድከሚ» ብሏት ነበር። እሷም፣ «ተማሪዎቹ የእኔ ናቸው፤ የማስጎበኛቸውም እኔ ነኝ» ብላ ከቢሮው ወጣች። እንዲህ ብሎ መውጣት ቀላል ነው። ችግሩ ቤቱን አታውቀውም።

ዓይኗን ኩፍኝ የወሰደባት የትውልድ አገሯ ዲክሲስ፣ ገና ሕፃን ሳለች ነው። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ፣ «ከደጀ ሰላሙ አስቀምጧት፤ እግዜር የሰጣትን ትበላለች» ሲል፣ አባቷ አቶ እንደሻው ግን፣ «የእኔ ልጅ የምትቀመጠው ወንበር ላይ ነው» ብለው ሩቅ አገር ካለ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ወሰዷት። ዛሬም ክፍል ገብታ ወንበሯን ስትስብ ያ ቃል ትዝ ይላታል።

ከግቢው ሲደርሱ፣ አብራት የመጣችው ነርሷ ጓደኛዋ ናዝሬት የምታውቃቸውን ጠባቂ ልትፈልግ ቀደም አለች። ሐመልማል በትሯን ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች። ወዲያው አንድ ሻካራ እጅ እጇን ይዞ ትኩስ ዳቦ አኖረበት።

«እንቺ ልጄ፣ ስለ ሚካኤል። እዚህ ግን አትቁሚ፤ ነዳያኑ በወዲያ በኩል ናቸው።»

ናዝሬት ድምፁን ሰምታ ተመለሰች። «ምነው ጋሽ ደመቀ! መምህርት ናት እኮ። ቤቱን ልታይ ነው የመጣችው።»

የስለት ዳቦ የሚያድሉት የቤቱ ጠባቂ ጋሽ ደመቀ ራሳቸው ነበሩ። ሐመልማል ፊቷ ጋለ። ዳቦውን መመለስ አማራት፤ የስለት ዳቦ ግን አይመለስም። ቆርሳ ግማሹን ለናዝሬት ሰጠችና የቀረውን በላች።

«ስለትዎ ይድረስልዎ፣ ጋሼ። ቁርስ ሳልበላ ነው የወጣሁት። አሁን ደግሞ ቤቱን ያሳዩኝ።»

«እንዴት አድርጌ ላሳይሽ?»

«እኔ በእጄ ነው የማየው።»

«እሱ ነው ክፉው። እዚህ ቤት ግድግዳ አይነካም። ሰው በቅባት እጁ ሲያጠቁረው የምወቀሰው እኔ ነኝ።»

«ቅባቱ እንደሆነ ከዳቦዎ ነው የመጣው። ያስታጥቡኝ።»

ናዝሬት ሳቋን አፈነች። ጋሽ ደመቀ ግን ሳያፍኑ ሳቁ። ውሃና ሳሙና ይዘው መጡና፣ «ኮቱ፣ ነይ እንግዲህ» አሉ። ለሠርግ እንግዳ እንደሚደረገው ጎንበስ ብለው አስታጠቧት፤ ማድረቂያ ሲጠፋም የጋቢያቸውን ጫፍ ሰጧት።

በሩ ጥድ ነው። የጠራቢው መጥረቢያ ያለፈበት ጎድጎድ ማለቱ ለጣቷ ይታወቃል። በመስኮቱ ክንዷን እስከ ብብቷ ብትዘረጋ የግድግዳውን የውጭ ጫፍ አላገኘችውም። ደረጃው መሐል ለመሐል በእግር ብዛት ተበልቷል። ሰገነቱ ላይ ስትወጣ የጭላሎ ተራራ ብርድ ፊቷን መታት፤ ገዢው ጠዋት ጠዋት እዚህ ቆሞ ጋቢውን እንዴት ይከናነብ እንደነበር ታያት። ወርዳ እንደገና ወጣች። ከዚያ በኋላ የናዝሬትን ትከሻም ግድግዳውንም አልያዘችም። ጋሽ ደመቀ ከኋላዋ «ቀስ፣ ቀስ» ሲሉ ቆይተው ተዉት።

ቅዳሜ ተማሪዎቹ ሲመጡ ጋሽ ደመቀ ባልዲና ጆግ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሳይታጠብ የሚገባ የለም!»

ኢፍቱ የምትባል ተማሪ እጇን እያስለቀለቀች፣ «ጋሼ፣ ምሳ አለ እንዴ?» አለች።

«የለም። መምህርታችሁ ይህን ቤት የሚያሳዩት በእጅ ነው።»

ሐመልማል ከሁሉ በኋላ ታጠበች። ከዚያ በተማሪዎቿ መሐል አልፋ ደፉ ላይ ቆመችና እጇን ከጥዱ በር ላይ አኖረች።

«ቀረብ በሉ» አለች። «የምንጀምረው ከዚህ ነው።»