የሞክሬዋለሁ ድምፅ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ሞክሬዋለሁ» እያለ ነው የሚጠራው። የወጣለትን ስም ረስተውት አይደለም፤ በቴሌቪዥን ሲቀርብ በየፕሮግራሙ መጨረሻ የሚላት ቃል ስለሆነች ነው። አንድ ስልክ ወይም አንድ የውሃ ማሞቂያ ይዞ ይቀርባል፣ ጥሩውንም መጥፎውንም ይዘረዝራል፣ ከዚያ ካሜራውን ትክ ብሎ አይቶ «ሞክሬዋለሁ» ይላል። አለቀ። ሰው ወይ ይገዛል ወይ ይተዋል። ያልሞከረውን ነገር ደግሞ እግሩ ላይ ቢወድቁ «ሞክሬዋለሁ» አይልም። በዚህ ድርቅናው ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ዛሬ የምናደደው ግን በእሱ አይደለም።

ሥራ የጀመረው በአንድ ጋዜጣ አራሚነት ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ አቀርቅሮ የተሳሳተ ፊደል ሲለቅም ይውላል። ወደ ቴክኖሎጂ የገባው በአጋጣሚ ነበር። ዝግጅት ክፍሉ አዲስ ኮምፒውተር ሲገባለት መመሪያውን የሚያነብ ጠፋ፤ ጋዜጠኞቹ ሁሉ «አንተ ማንበብ ትወዳለህ» ብለው እሱ ላይ ጣሉት። አንብቦ ጨረሰና እየቀለደ አንድ አምድ ጻፈበት። ሰው ወደደለት። እሱ ባለአምድ በሆነ በማግስቱ ማለት ይቻላል ጋዜጣው ተዘጋ። ወደ መጽሔት ሄደ፣ እሱም ተዘጋ። «አንተ አምድ የሆንክለት ቤት ይፈርሳል» እለው ነበር፤ ይስቃል።

ከዚያ ስልክ መሸጫ ሱቅ ተቀጠረ። ለገዢ ሁሉ የዕቃውን ጉድለት አንድ በአንድ እየነገረ ሲመልስ ባለሱቁ ጥቂት ታገሠውና በሰላም ሸኘው። የማታ ተማሪዎችን ኮምፒውተር አስተማረ። ቀጥሎ ሬዲዮ ገባ። አንዲት ሴት ደውላ «ስልኬ ውሃ ውስጥ ወደቀብኝ፣ ሩዝ ውስጥ ልክተተው ወይ?» ብላ ጠየቀችው። ሌላ ሰው ቢሆን ከኢንተርኔት ያገኘውን አንብቦላት ያልፍ ነበር። የኔ ወንድም የገዛ ስልኩን ባልዲ ውስጥ ነከረው፣ ሩዝ ውስጥ ቀበረው፣ በሚቀጥለው ፕሮግራም «እህቴ፣ አይሠራም። ሞክሬዋለሁ» አላት። ቃሏ የተወለደችው ያን ቀን ነው። ስልኩ ግን እስከ ዛሬ አልተነሳም።

ቴሌቪዥን የወሰደው በዚህች ቃል ነው። እኔ እህቱ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች። እሱ ሲቀርብ የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ። አንዴ ለፕሮግራሙ የሚሞክረው ቻርጀር እኔ ሱቅ ውስጥ ተቀጣጥሎ መጋረጃዬን በላው፤ እሱ ግን መጋረጃው ሲነድ ቆሞ ሰዓት ይይዛል። ጎረቤቶች «ሚስት ያላገባው ለሙከራ የሚሰጠው አጥቶ ነው» እያሉ ያሾፉበታል። ይሹፉ። ሲቸግራቸው የሚጠይቁት እሱን ነበር።

ከሁሉም በላይ የምትኮራበት እናታችን ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሕፃናትን ማንበብ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የዓይን ግፊት አለባት። በሁለቱም ዓይኖቿ የቀራት ብርሃን ትንሽ ነው፤ ጠዋትና ማታ ጠብታዋን ካደረገች ይቆያል፣ ካቋረጠች ይሄዳል፤ የሄደው ደግሞ አይመለስም። ይህን ሐኪሟ ሦስታችንንም አስቀምጣ ነግራናለች። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን የምታየው በጆሮዋ ነው። ፕሮግራሙ እንዳለቀ ስልክ ትደውልለታለች።

«‹ድምፁ ይሰማል› ስትል አላላኸው እኮ! ድምፁ ጆሮ አወጣ እንዴ?» ትለዋለች።

«ይቅርታ እማዬ፣ አጠብቃለሁ።»

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ የሚለየው የሰው አፍ ነው። እሷ ይህን ነገር በልጅነታችን ጠረጴዛ እየደበደበች ነው ያስተማረችን። እኔ ከአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ፤ እሱ ግን ያዘው።

ታዲያ ጣቢያው አንድ ቀን የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚያወራ የኮምፒውተር ፕሮግራም አመጣ። አለቃው «ስለሱ ሥራልን» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን የሌላ ሰው ድምፅ አስመጥቶ ያሳያል። እሱ ራሱ ካልሞከረ እንዴት ይሆናል! ስቱዲዮ ገብቶ ከድምፅ ባለሙያዋ ጋር እየተቀመጠ፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ ለማሽኑ ዓረፍተ ነገር ሲያነብለት ሰነበተ። ማሽኑም አወራ። ትንፋሹ ሳይቀር እሱን ነው። ማጥበቅና ማላላት ላይ ግን ጉድ ሆነ። «ሰፊ ስክሪን አለው» ሊል ሰፊን አላላትና ስክሪኑ እንደ እኔ ልብስ ሰፊ ሆኖ አረፈው። ቀረጻውን ሱቅ አምጥቶ ሲያሰማኝ «መርፌውንስ ማን ያቀብለዋል?» ብዬ በሳቅ ሞትኩ።

ይህን የተበላሸውን ነው ለተመልካች ያቀረበው። ሁለቱን ድምፆች አከታትሎ አሰማና «የትኛው እኔ ነኝ?» ብሎ ጠየቀ። እናታችን ወዲያው ደወለች። «እኔን ማን ያታልለኛል! ሰፊን ያላላው አንተ አይደለህም። ልጄ ሰፊን አያላላም» አለችው። እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን የአራሚነት አመሉ ተነሳበት። ስህተት አይቶ ማለፍ አይችልም፤ በገዛ ድምፁ የተሠራ ስህተት ሲሆን ደግሞ እንቅልፍ ነሳው። ፕሮግራሙ ከቀረበ በኋላም ወደ ስቱዲዮ እየተመላለሰ፣ ማንም ሳያዘው፣ ይህን አጥብቅ፣ ያንን አላላ እያለ ማሽኑን አስተማረው። እናታችን እኛን እንዳስተማረችን ማለት ነው፤ ጠረጴዛ መደብደብ ብቻ ነው የቀረው። ባለሙያዋ «አሁን ከአንተ አይለይም» ስትለው ደስ ብሎት መጣ።

ብዙም ሳይቆይ ጣቢያው ስፖንሰር አገኘ፤ የውሃ ማጣሪያ የሚሸጥ ድርጅት ነው። አለቃው ጠርቶት ማጣሪያውን አቅርቦ ያቺን ቃል እንዲላት ነገረው።

«አንድ ወር ስጡኝና ልሞክረው» አለ ወንድሜ።

«ወር የለንም። አንዲት ቃል ናት፣ ወንድሜ፤ ተናግረህ ውጣ።»

«ሳልሞክረው አልላትም።»

«ሰው አስቸጋሪ ነው» አለ አለቃው፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበተ። ሱቄ መጥቶ ወንበር ላይ ቁጭ አለና ስለ ጨርቅ ዓይነት ጠየቀኝ፤ ስለ ጨርቅ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም የሆነ ነገር እንደሆነ ያወቅኩት በዚያ ነው።

የሚቀጥለው ፕሮግራም ሰዓቱን ጠብቆ ጀመረ። ፊት የለም። ሁለት እጆች ብቻ ማጣሪያውን እያገላበጡ ያሳያሉ። ድምፁ ግን የወንድሜ ነው። ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል፣ አፉ ተዘግቷል፣ ከቴሌቪዥኑ ደግሞ እሱ ያወራል። መጨረሻ ላይ «ሞክሬዋለሁ» አለ። ወንድሜ እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ።

በማግስቱ አለቃው ዘንድ ሄደ።

«ድምፄ እኮ ነው!» አለው።

«ድምፅህ አፍህ ውስጥ አለ፤ ማን ወሰደብህ? ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸው ደግሞ የጣቢያው ነው። አስገድደን አላስቀረጽንህም። አንተው እየተመላለስክ ነው ያስተካከልከው።»

ያለው ልክ ነው። አቤት ያለበት ቤት ሁሉ በቀጠሮ መለሰው። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ «እኔ አይደለሁም» ሲለው «ሰምተንህ የለ እንዴ!» እያለ ትከሻውን መታ ያደርገዋል። ሌሎች ጣቢያዎች ደግሞ «አንተ እዚያ እየሠራህ አይደል?» አሉት። የገዛ ድምፁ ሥራ ዘጋበት።

ለእናታችን አልነገራትም። «ንገራት» አልኩት። «በድምፄ ደስ ይላታል፣ ትንሽ ትቆይ» አለኝ። ሌላ ቀን አሁንም «ንገራት» አልኩት። «እሺ፣ ነገ» አለኝ። ሌላ ምንም ያልቀረው ሰው በእናቱ ፊት ትልቅ መሆኑን እንዴት ይተው? እሱ ፕሮግራሙን ማየት ተወ፣ መስማቱ አንገሸገሸው። እኔም የሱቄን ቴሌቪዥን በዚያ ሰዓት ማጥፋት ጀመርኩ። ስለዚህ ድምፁ ምን ምን እያስተዋወቀ እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

ያወቅነው እናታችን ቤት ነው። አብረን ልንጠይቃት ስንገባ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ሰማያዊ መብራት በርቷል። ፊቷን ወደ እሱ አቅንታ ተቀምጣለች። የዓይን ጠብታዋ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሷል።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አላት ወንድሜ።

«አንተ ያልከው የዓይን መብራት ነዋ! ጎረቤቴን ልኬ አስገዛኋት። ‹ጠብታ ለምኔ› ብለህ የለም እንዴ? እኔም ተገላገልኩ፤ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ከርሞ።»

ወዲያው ደግፈን ወደ ሐኪሟ ወሰድናት። ሐኪሟ መረመረቻትና ሁለታችንን ወደ ውጭ ጠራችን። የቀኙ ሄዷል። የግራው፣ ጠብታውን ዛሬ ከጀመረች ይቆይ ይሆናል፤ ካልጀመረች ቀኙን ይከተላል። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ያንን አለቃ በመቀሴ ባገኘው ነበር የምመኘው።

ቤት ስንመለስ ጠብታውን ይዤ ቀረብኳት። እጄን ገፋችው።

«ልጄ ሞክሬዋለሁ ካለ ሞክሮታል። ሐኪሟ እንደሆነች መድኃኒቷን ልትሸጥ ነው።»

«እማዬ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት» አላት ወንድሜ፣ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ። ሁሉንም ነገራት፤ መባረሩን፣ ማሽኑን፣ አንዱንም ሳይደብቅ። ድምፁ በለቅሶና በጩኸት ሻክሯል። ሰምታ ስትጨርስ ጭንቅላቱን ዳበሰችው።

«ደክሞሃል፣ የኔ ጌታ። ድምፅህ እንኳ ያንተ አይመስልም። ማሽኑንማ አውቀዋለሁ፤ ሰፊን የሚያላላው አይደል?»

በዚህ መሃል የፕሮግራሙ ሰዓት ደረሰ። ቴሌቪዥኑን በዳበሳ ከፈተችው። ሰማያዊው መብራት ነው፤ ሁለቱ እጆች ያገላብጡታል። ወንድሜ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ማሽኑ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ቃል ላይ ብቻ እንዲሳሳት ሲለምን ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

«ሰፊ ብርሃን ይሰጣል» አለ ድምፁ፣ ጥብቅ አድርጎ፣ ጥርት አድርጎ፤ ልክ ወንድሜ እንዳስተማረው።

«ይኸው!» አለች እናታችን፣ ፊቷ በርቶ። «ሰማህ እንዴት እንዳጠበቅካት?»

ልዘጋው እጄን ሰደድኩ። «ልጄን እንዳትዘጊብኝ!» ብላ ጮኸችብኝ።

«እማዬ፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ እግርሽ ሥር ነኝ» አለ ወንድሜ።

መዳፏን አፉ ላይ አደረገችበት፣ በፍቅር፣ ቀስ ብላ።

«እስቲ ዝም በል ልጄ፣ አንተን ልስማበት።»