ኮሶ የጠጣሁ ዕለት

የያዙኝ የካ፣ ከቤቴ በር ላይ፣ የጫማዬን ክር ሳላስር ነው። የታሰርኩበት ክፍል ጠባብ ነበር፤ የእርጥብ ፍራሽና የላብ ሽታ ተቀበለኝ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። የእንጦጦ ገበሬ ናቸው። ስብሰባ ላይ "መሬታችንን አንለቅም" ብለው በመናገራቸው ነው የታሰሩት።

መርማሪው ከእኔ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬ አመፅ ሲያስተባብር አይቻለሁ ብዬ እንድፈርም። ከፈረምኩ እኔ ወደ ቤቴ፣ እሱ ወደ ከባድ ክስ። አላየሁም ባልኩት ቁጥር "አስብበት" እያለ ይመልሰኛል።

ሽማግሌውን ያሳሰባቸው ደግሞ ሆዴ ነበር። እየበላሁ እከሳለሁ። ከሽንት ቤት ስመለስ ጠየቁኝ፤ ያየሁትን ነገርኳቸው። የኮሶ ትል ነው አሉና ሳቁብኝ። መድኃኒቱን የኮሶ ዛፍ በኦሮምኛ ሄቶ እንደሚሉት፣ ደጃቸው ላይ እንደበቀለና አያቶቻቸው ከእሱ ሌላ ሐኪም እንደማያውቁ አጫወቱኝ።

ስንቅ የምታመጣላቸው ልጃቸው፣ ልከውባት፣ የሴቴዋን ዛፍ አበባ አድርቃ፣ ወቅጣና በውሃ በጥብጣ በጠርሙስ አመጣችልኝ። እዚያ ስንቅ የሚያመጣ ሰው በር ላይ ሳይቀምስ አያስገባም። ጠባቂው ቅመሺ ሲላት ጎንጨት አድርጋ ጠርሙሱን ለእሱ ዘረጋችለት። የገጠር ልጅ ነውና ሽታውን ያውቀዋል፤ ፈጥኖ አሳለፋት። ይህን ኋላ ራሱ እየሳቀ ነው የነገረን።

በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆዴ ጨለጥኩት። ምን አለፋችሁ፣ ስሜን አስረሳኝ። ባልዲ አጠገብ ተኮራምቼ ሳለሁ ጠባቂው በሩን ከፍቶ መርማሪው እንደሚፈልገኝ ነገረኝ። ሽማግሌው ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ልጁ ኮሶ ጠጥቷል" አሉት። "በእኛ አገር ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠራም። ዳኛም ቢሆን ቀን ይለውጥለታል።"

ጠባቂው ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ ቀደመው። "እኔስ አውቃለሁ አባቴ፤ እሱን ምን ልበለው?"

"እንዳልኩህ በለው።"

ሄዶ ነገረው መሰለኝ፣ የዚያን ቀን የጠራኝ የለም። ከሰዓት በኋላ ትሉ ወጣ። ሽማግሌው ባልዲውን በእንጨት አገላብጠው ከነራሱ መውጣቱን አረጋገጡና ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ።

ሽማግሌው ደክሞታል ብለው ነገም ጠባቂውን እንደሚመልሱልኝ ነገሩኝ። ሐሳቡ አጓጓኝ፤ አልዋሽም። ግን እምቢታዬ የሆድ ሕመም ሆኖ እንዲቀር አልፈለግሁም። ሲነጋ መርማሪው ዘንድ ውሰደኝ ብዬ ጠባቂውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ከመክሳቴ የሰፋኝን ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ገባሁ። መርማሪው እስክሪብቶ አቀበለኝ፤ ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

"ትናንት የከለከለኝ ሆዴ ነው" አልኩት። "ዛሬ እምቢ ያልኩህ እኔ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ እዚያው ታስሬ ብዙ ቆየሁ። ባልደረባዬን ግን ሳይከሱት ቀሩ። ይህን ሁሉ አያውቅም፤ አልነገርኩትም። ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ሲወለድለት ክርስትና እንዳነሣለት ለመነኝ። ሕፃኑን ታቅፌ ከቤተ ክርስቲያኑ ስወጣ አባትየው ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ልጁን አስረከብኩት።